የጎረቤታችን የጋጋኖ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ንጉሥ፣ ጦርነትና ውል ነው። ንጉሡ ይነግሣል፣ ጦሩ ይዘምታል፣ ውሉ ይፈርሳል፤ ተማሪውም ዓመተ ምሕረቱን ሸምድዶ ፈተና ይገባል። እኛም ከዚህ አላመለጥንም። በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ግን ዙፋንም ጦርም የሌለው ባለ ታሪክ ነው። ስሙ ጋጋኖ ይባላል፤ ወፍ ነው። «ደግሞ የታሪክ ተማሪ ከወፍ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን ብቻ እንለምነዋለን።

ነገሩ የተነሣው ከጨዋታ ነው። አንድ ማታ ከራት በኋላ መኝታ ክፍል ተሰብስበን እንጠያየቃለን። አንዱ ጓደኛችን፣ «በቋጥኝ ላይ በማኅበር ሆኖ የሚፈለፍል፣ ከአንድ የዓለም ጥግ በቀር የትም የማይገኝ፣ ጉትዬ ያለው ወፍ ማነው?» አለን። ሁላችንም በአንድ አፍ «ፔንግዊን!» አልን። አልተሳሳትንም። በኒውዚላንድ አቅራቢያ ባሉት በባውንቲና በአንቲፖድስ ደሴቶች የሚፈለፍል ባለ ጉትዬ ፔንግዊን አለ። ቢጫ ጉትዬው ሽቅብ የቆመ ነው። እንስቷ ሁለት ዕንቁላል ትጥላለች፤ የመጀመሪያው ትንሽ፣ ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ትንሹም አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈለፈል ይጠፋል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ እናውቃለን። አንዳችንም ግን ፔንግዊን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ጠያቂው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የጠየቅኋችሁ ስለ ጋጋኖ ነበር» አለ።

ከመካከላችን ሦስታችን የቦረና ልጆች ነን፤ መካነ ሰላም ተወልደን ያደግን፣ በጋጋኖ ጩኸት እየነቃን ደብተራችንን ይዘን ትምህርት ቤት የሄድን። የዓለም ዳርቻ ወፍ ስንት ዕንቁላል እንደሚጥል አወቅን፤ ከቤታችን ጀርባ ካለው ገደል ላይ ስለሚያድረው ግን አንድ አረፍተ ነገር አጣን። ያን ማታ አፈርን። ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያነበብነውን፣ ወደ አገር ቤትም እየደወልን ከሽማግሌዎች የጠየቅነውን አንድ ላይ አድርገን እነሆ አቅርበናል።

፩. ለመሆኑ ጋጋኖ ማነው?

ጋጋኖ ከዶሮ ከፍ የሚል፣ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ወፍ ነው። መንቆሩ ረጅምና እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ ነው። ከመንቆሩ ሥር፣ ልክ እንደ ፍየል ጉትቻ፣ ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥላ ትታያለች፤ ጫጩቱ ግን እስኪያድግ ድረስ ይህች ጉትቻ የለችውም። ማጅራቱ ላይ ረዘም ያሉ ላባዎች አሉት፤ ነፋስ ሲመታው ብድግ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ገና ቁንጮው ያልተላጨ ልጅ ይመስላል። መሬት ላይ ሲታይ ጨለም ያለ ነው፤ ሲበር ግን ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ቦታ ብልጭ ይላል። እኛ ልጆች ሆነን ከሩቅ የምንለየው በዚሁ ነጩ ነበር።

ጋጋኖን ግን ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። ሲነሣ «ሃ! ሃ! ሃ! ሃ!» እያለ ሲጮኽ አገር ይሰማዋል። አንዱ ከጀመረ ሌላው ይቀበላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲያንጋጉት ሰማዩ የተቀደደ ይመስላል። ስሙም ከዚሁ ከጩኸቱ የወጣ ይመስለናል፤ «ጋጋታ» የምንለው ቃል ከ«ጋጋኖ» ሩቅ አይደለምና። በክፍላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከረውን ልጅ «ምን እንደ ጋጋኖ ትጮኻለህ!» የሚሉት መምህር እንደነበሩንም እናስታውሳለን። ወፉን ሳይሆን ስድቡን ይዘን አደግን ማለት ነው።

የቀን ውሎው እንዲህ ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ ወይም በትልልቅ ዛፎች ላይ በመንጋ ያድራል። ጎህ ሲቀድ እየጮኸ ይነሣና ወደ መስክ ይወርዳል። መንጋው አንዳንዴ ጥቂት፣ አንዳንዴ ሃምሳ፣ ሲበዛም እስከ መቶ ይደርሳል። መስኩ ላይ ከብቱ በሚግጥበት መካከል እየተራመደ መንቆሩን በርጥብ አፈር ውስጥ ይሰካል፤ ትል፣ ፌንጣ፣ ጢንዚዛ፣ የጢንዚዛ ልጆች፣ ሲያገኝም እንቁራሪትና አይጥ ይለቅማል። በታረሰ ማሳ ላይም አይታጣም። እህል ፍለጋ አይደለም የሚመጣው፤ የእህሉን ሥር የሚበላውን ተባይ ፍለጋ ነው። ሲመሽ እንደገና እየጮኸ ወደ ማደሪያው ይመለሳል።

የሚፈለፍለው አብዛኛውን ጊዜ ገደል ላይ፣ ቁጥቋጦ በበቀለበት ቋጥኝ፣ በማኅበር ሆኖ ነው። ዛፍ ላይ የሚሠራም አለ። ቤቱ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ውስጡን በተላጠ የዛፍ ልጥና በሽበት ያለሰልሰዋል። ሁለት ወይም ሦስት ነጣ ያሉ ዕንቁላሎች ይጥላል። ጎጆው ከታየባቸው ወራት ውስጥ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ደግሞም ሐምሌ ይገኙባቸዋል። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ አንደኛው የበልግ፣ ሁለተኛው የክረምት ዝናብ ነው። አፈሩ ሲርስ ትሉ ይወጣል፤ ትሉ ሲወጣ ጫጩቱ ይጠግባል። ገበሬውና ጋጋኖ የሚጠብቁት አንድ ደመና ነው።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ይህ ወፍ በዓለም ላይ የትም የለም። ከ1,500 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ጅብራ እስከሚበቅልበት ውርጭ ድረስ ይኖራል። አዲስ አበባም ጎረቤቱ ነች፤ በግቢዎች ሣር ላይ ሲመላለስ ያላየው ተማሪ ያለ አይመስለንም። ከአጠገቡ ስናልፍ ግን «ያ ጥቁር ወፍ» ብለን እናልፈዋለን።

፪. የዘመዱ ታሪክ

ጋጋኖ የብቻ ወፍ አይደለም፤ ዘመዶች አሉት። ፈረንጆች ይህን ጎባጣ መንቆር ያለውን ወገን በሙሉ «ኢቢስ» ይሉታል። ከዘመዶቹ ሁሉ ስሙ በታሪክ የገነነው ጥቁር ራስና ነጭ ገላ ያለው የግብፆች ኢቢስ ነው። ግብፆች ቶት የሚሉትን የጽሕፈትና የጥበብ አምላክ የሚሥሉት በዚህ ወፍ ራስ ነበር። ወፉን በሺህ በሺህ እያደረቁ በጨርቅ ጠቅልለው በመቃብር ያስቀምጡት ነበር። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ኢቢስ የገደለ ሰው፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ቅጣቱ ሞት ነበር። ምክንያቱንም ሲያስረዳ ከዐረብ አገር የሚመጡትን ክንፍ ያላቸው እባቦች ኢቢሶች ስለሚፈጇቸው ነው ይላል።

ከዚህ የባሰ እኛን የሚነካ ተረክ ደግሞ አለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ስለ ሙሴ ሲተርክ፣ ሙሴ የግብፅን ጦር እየመራ በኢትዮጵያውያን ላይ ዘመተ፤ መንገዱ እባብ የሞላበት ስለነበረ ኢቢሶችን በቅርጫት አስይዞ ሄደና በየቦታው እየለቀቀ እባቡን አስፈጀ ይላል። ዘመቻው ተረት ይሁን ታሪክ ለጊዜው አንከራከርም። ልብ ልንለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ በጥንቱ ዓለም ሐሳብ ኢቢስና የኢትዮጵያ መንገድ አንድ ላይ ይታሰቡ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ወገን አልረሳም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ የማይበሉ ወፎች ይዘረዘራሉ። በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ከዝርዝሩ መካከል «ኢቢስ» አለ። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ጋጋኖ» ብሎ አስቀምጧል። ተርጓሚው ለባዕዱ ስም ባዕድ ቃል አልፈለገም፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ጎረቤቱን ጠራ። እንግዲህ ጋጋኖ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ያገኘው በወፍ ተመራማሪ እጅ ሳይሆን በቤተ ክህነት ሰው እጅ ነው።

ይህ ሕግ መጽሐፍ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በእኛ አካባቢ ጋጋኖ የሚበላ ክርስቲያንም እስላምም አላየንም። ከመካከላችን የአንዱን አያት በስልክ ስንጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁብን።

«ኧረ ወግዱ! ጋጋኖ ይበላል እንዴ? ምን አስራባችሁ ልጆቼ፣ እዚያ ምግብ የለም?»

«አይ እማማ፣ ለጽሑፍ ነው።»

«ለጽሑፍ? የጋጋኖ ጽሑፍ!» አሉና እንደገና ሳቁ።

ሳቃቸው ካለፈ በኋላ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ጋጋኖ አወሩን። የጠዋት መነሻቸው እሱ መሆኑን፣ መስኩ ላይ ሲበዛ መሬቱ መራሱን እንደሚያውቁበት፣ አንድ ዓመት ትልቁ ዛፍ ሲቆረጥ መንጋው ለብዙ ቀን በላዩ እየዞረ ሲጮኽ እንደከረመ ነገሩን። እኛ በሦስት ሳምንት ከመጽሐፍ ያገኘነውን አብዛኛውን እሳቸው በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።

፫. ስም ያወጣለት ማነው?

ወደ ጽሑፉ ታሪክ እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገባ፣ በ1770 ጎንደር ደረሰ፣ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጣ። የጉዞ መጽሐፉ በአምስት ቅጽ የታተመው በ1790 ነው። በአምስተኛው ቅጽ ውስጥ በአገራችን ስላያቸው አራዊትና አዕዋፍ ሲጽፍ እርኩምን በአማርኛ ስሙ አስገብቶታል። ነጩን ኢቢስ ደግሞ «አቡ ሐኔስ» ብሎ መዘገበው። ትርጉሙ «አባ ዮሐንስ» ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን ስለሚታይ ነው ይላል። ብሩስ ይህ ወፍ የጥንት ግብፆች ኢቢስ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ።

በዚያን ጊዜ የኤውሮፓ ሊቃውንት የግብፆችን ኢቢስ ከሌላ፣ መንቆሩ ቢጫ ከሆነ የሽመላ ወገን ጋራ አምታተውት ነበር። ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከግብፅ የመጡትን የደረቁ ወፎች ፈትቶ አጥንታቸውን ለካ፤ ከብሩስም ወፍ ጋራ አስተያየ። ብሩስ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ የፓሪስ ሊቃውንት የተሳሳቱበትን ጥያቄ ለመፍታት የረዳው ቁልፍ የአገራችን ሰው «አባ ዮሐንስ» እያለ የሚጠራው ወፍ ነበር። ያ ስሙን ያወጣው ሰው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። የብሩስ ስም አለ፤ የኩቪዬ ስም አለ፤ የባላገሩ ስም የለም።

ጋጋኖም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ወርዶ በትግራይና በስሜን አድርጎ ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ በጎንደር ንጉሥ አለ ይባላል እንጂ ሥልጣኑ በራሶች እጅ ነበር። ሩፔል በዚያ ትርምስ መካከል ሁለት ነገር ሰበሰበ፤ የግዕዝ ብራናዎችንና የእንስሳት ቆዳዎችን። ብራናዎቹን ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ቆዳዎቹ ደግሞ በዚያው ከተማ ዘንከንበርግ ወደሚባለው ሙዚየም ገቡ። ብራናውንም ወፉንም አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ወሰዳቸው ማለት ነው። ስለ ብራናዎቹ በታሪክ ክፍል ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ወፎቹ ግን ዝም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓመቱን እየጠቀስን እንናገር። ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ በ1835 ሳይንሳዊ ስማቸውን ከሩፔል አገኙ። መንቆረ ወፍራሙ ቁራ በ1836፣ ጋጋኖ በ1837፣ ቀይ ቀበሮ በ1840። ዛሬ የአገራችን መለያ ብለን በፖስተር ላይ የምናያቸው አራዊትና አዕዋፍ ብዙዎቹ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ በአንድ ሰው እጅ «ተገኙ»። ለማን ነው የተገኙት? ያላገኛቸውስ ማን ነበር? ዋልያን ያላየ የስሜን እረኛ፣ ቀይ ቀበሮን ያላየ የጓሳ ሣር አጫጅ ነበር እንዴ?

የጋጋኖ ሳይንሳዊ ስሙ አሁን «ቦስትሪኪያ ካሩንኩላታ» ነው። ቃሉ ሲፈታ ግን አያስፈራም። የመጀመሪያው ከግሪክ የመጣ ሲሆን የተጠቀለለ ጠጉር ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከላቲን ሲሆን ትንሽ የሥጋ ቅንጣት ያለው ማለት ነው። እንግዲህ ቁንጮና ጉትቻ! የመካነ ሰላም እረኛ ወፉን ለጓደኛው ለማሳየት ቢፈልግ የሚጠቅሰው ያንኑ ምልክት ነው። ሊቁም እረኛውም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ጻፈው፣ ሌላው አልጻፈውም።

ይህን ስንል ሩፔልን ለመወንጀል አይደለም። ሰውየው ለፍቷል፣ ጽፏል፣ አሳትሟል። ወደ ቦረና ግን አልደረሰም። ብሩስም አልደረሰም። ከአባይ በረሃ ወዲህ ማዶ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ባዶ ነው። ባዶው ወረቀቱ ነው እንጂ አገሩ አልነበረም። በሳይንት እነተድባበ ማርያም ቆመው ይቀደስባቸው ነበር፤ ገበሬው ያርስ ነበር፤ ጋጋኖም ይጮኽ ነበር። እኛ የታሪክ ተማሪዎች «ጽሑፍ ከሌለ ታሪክ የለም» ስንል ስንቱን አገርና ስንቱን ዕውቀት በአንድ ቃል እንደምንሰርዝ የገባን ይህን ወፍ ስንከተል ነው።

በእኛው አገር የተደረገ ሥራም አለ፤ እሱን መዝለል ነውር ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ። በ1971 ደግሞ ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ከ1837 ወዲህ አንድ መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው፤ ግን በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ስም ወጣ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። መካነ ሰላም ላይ ያለ ገበሬ አያነበውም፤ ያን ዕውቀት በአማርኛ መልሶ የሚያደርስለት ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ እኛው ነን።

፬. ደንቆሮ ጫካና የጠዋቱ ድምፅ

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን፣ በቦረናና በሳይንት መካከል፣ ደንቆሮ ጫካ አለ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲከለል ስፋቱ 4,375 ሄክታር ገደማ ነበር። ዝቅተኛው ቦታ 1,900 ሜትር፣ ከፍተኛው 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ ከአናቱ ጓሳና ጅብራ ይገኛል። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደሉን ይዞ ይኖርበታል። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ሩፔል ሩቅ ስሜን ሄዶ የሰበሰበው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ቦታ እንደነበሩ ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው ብንል ማን ያምነናል? ልጆች ሳለን ስለ ጫካው የምንሰማው ጅብና ነብር እንዳለበት ብቻ ነበር።

ጋጋኖ ግን ጫካ አይጠብቅም፤ ከሰው ጋራ ነው የሚውለው። ለዚህም ነው የእሱ ታሪክ ከቀይ ቀበሮ ታሪክ የሚለየው። ቀይ ቀበሮን የሰው እርሻና የሰው ውሻ ያሳድደዋል። ጋጋኖ ግን የሰውን ማሳ፣ የሰውን ከብትና የሰውን ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ኖረ። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ የሚፈለፍልበት ገደል፣ የሚያድርበት ትልቅ ዛፍ፣ የሚለቅምበት ርጥብ መስክ። ገደሉን ማንም አያርሰውም። ዛፉን ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጠብቆለታል። መስኩን ደግሞ ከብት ያለው ገበሬ ለራሱ ሲል ትቶለታል። የማይበላ ወፍ ስለሆነም ወንጭፍ ያነሣበት እምብዛም የለም። ኦሪቱ፣ ደብሩና የግጦሹ መሬት ሳይመካከሩ ተባብረው ያቆዩት ወፍ ነው።

በመካነ ሰላም ንጋት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ገና ሳይነጋ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል። ቀጥሎ ደወሉ ይደወላል። ሰማዩ ወገግ ሲል ደግሞ ከገደሉ በኩል ጋጋኖ ይነሣል። የእኛ ሰው ሦስቱንም ይሰማል። ከአያታችን ጎረቤት የሆኑ አንድ ሙስሊም አባወራ፣ «ሱብሂ ሰግጄ በሬዬን ስጠምድ ያ መንጋ በላዬ ካላለፈ ቀኑ የጎደለ ይመስለኛል» ብለውናል። ክርስቲያኗ አያታችንም ያሉን ከዚህ አይርቅም። በሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ወፍ ቀናቸውን ይጀምራሉ። የወሎን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያስገባው ነውር ነው እንዴ?

፭. የሚጠፋው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ወፉ እየጠፋ ነው ልትሉን ነው?» ሳይል አይቀርም። አይደለም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታትን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ጋጋኖን ስጋት ከሌለባቸው ወፎች መካከል ነው ያስቀመጠው። የእኛም ሐዘን ስለ ወፉ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የሌላው አያት፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ገበሬ ነበሩ። ገደሉ ላይ ጋጋኖ የሚፈለፍልበትን ቦታ ያውቁ ነበር፤ መንጋው መቼ ወደ ቆላ እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚመለስ ያውቁ ነበር አሉ። «አሉ» እንላለን፤ እኛ አልጠየቅናቸውም። አጠገባቸው ቁጭ ብለን የፈተና ማስታወሻ ስንሸመድድ እሳቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ወፉን ይመለከቱ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ብለን ስልክ ስንደውል ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያውቁት የነበረው ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ። ጋጋኖስ አለ፤ ነገ ጠዋትም ይጮኻል። የሄደው የሚያውቀው ሰው ነው።

አንድ ሽማግሌ ሲሞት መጽሐፍ አይቃጠልም፤ መጽሐፍማ ቢሆን ኖሮ ፍራንክፈርት ሌላ ቅጂው ይገኝ ነበር። የብራናዎቻችንን ዝርዝር ከውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት እንለምናለን፤ የአባባን ዕውቀት ግን ከማን እንለምናለን? እኛ ልጆቻቸው ነበርን፤ ማንበብና መጻፍ አስተምረውናል፤ ለዚያውም በሬ ሸጠው። ፊደሉን ተቀበልን፤ የሚጻፈውን ነገር ከእጃቸው ሳንወስድ ቀረን። ጥፋቱ የሩፔል አይደለም፤ የእኛ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አናቅድም። በየበዓሉ፣ በየዕረፍቱ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደብተር ይያዝ። የሠፈሩን አንድ ወፍ ወይም አንድ ዛፍ ወይም አንድ ምንጭ መርጦ የሚያውቁትን ሰዎች ይጠይቅ። ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስለሱ ምን እንደሚባል ይጻፍ። የተናገረውን ሰው ስም፣ ከወደደ፣ ከጎኑ ያስፍር፤ «አባ ዮሐንስ» የሚለውን ስም ያወጣው ባላገር ያላገኘውን ክብር የዛሬው ባላገር ያግኝ። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከየወረዳው ቢሰበሰብ ለወፍ ተመራማሪው ይጠቅመዋል፤ ለታሪክ ተማሪው ደግሞ ንጉሥ ያልጻፈው ምንጭ ይሆነዋል። ከእኛ በኩል ከቦረና የተጀመረው ደብተር ይኸው ነው፤ እማማ የነገሩንን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍረናል።

ጫካው «ደንቆሮ» ይባላል። ለምን እንዲህ እንደተባለ ለማወቅ ገና የምንጠይቃቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ በሚቀጥለው ዕረፍት እንጠይቃለን። ለአሁኑ ግን ስሙን ስንሰማ ጫካው ሳይሆን እኛ ትዝ እንላለን። ሃያ ዓመት ሙሉ ከነጋ እስከ መሸ የሚጮኽ ጎረቤት እያለን ምን እንደሚል ሳንሰማ ኖረናል። ነገ ጠዋት ወደ ክፍል ስትሄዱ ሣሩ ላይ «ያ ጥቁር ወፍ» ቢያጋጥማችሁ ቆም በሉ። ቁንጮውን እዩ፣ ጉትቻውን እዩ፣ ሲነሣም ክንፉ ላይ ያለውን ነጩን እዩ። ከዚያም በስሙ ጥሩት፦ ጋጋኖ ነው።